ደሙ የሚተኛበት ግድግዳ፦ ከሰሜን ሸዋ የአንድ ታካሚ የጉዳይ ጥናት

ታካሚው የ61 ዓመት ገበሬ ሲሆኑ የሚኖሩት በባሶና ወራና ወረዳ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ነው። እርሳቸውም ልጃቸውም ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ዝርዝር ግን ትቼዋለሁ። በጥር ወር መጀመሪያ አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ መንሹ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው ሊያነሱት ሲሉ ጣቶቻቸው አልታዘዝ አሉ፤ ልጃቸውን ሊጣሩ ሲሞክሩም የሚሉትን እያወቁ ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እጁም ንግግሩም ወደ ቦታው ተመለሰ። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ አሳረፋቸው፣ በማግስቱም ጸበል ወሰዳቸው። በሦስተኛው ቀን ያው ነገር ለአሥር ደቂቃ ያህል ሲደገም፣ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው መኪና ተከራይቶ ወደምሠራበት የሕክምና ክፍል ይዟቸው መጣ።

ሲደርሱ ሙሉ ለሙሉ ደህና ነበሩ። «እጄ ለጊዜው የሌላ ሰው ሆኖብኝ ነበር፤ አሁን ግን መልሶልኛል» አሉኝ እየሳቁ። የደም ግፊታቸው 168 በ96 ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ጤና ኬላ «ትንሽ ከፍ ብሏል» ተብለው እንደነበር ልጃቸው ያስታውሳል፣ መድኃኒት ግን ጀምረው አያውቁም። የልብ ምታቸው የተስተካከለ ነበር፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውም መዛባት አላሳየም። የጾም ስኳራቸው 94፣ ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል 138 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢናቸው 16 ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተገኘ። ትምባሆ አጭሰው አያውቁም። የጭንቅላት ሲቲ ስካን የደም መፍሰስም ሆነ የሞተ የአንጎል ክፍል አላሳየም። ምልክቱ ጊዜያዊ የአንጎል ደም እጥረት መሆኑ ግልጽ ነበር፤ ቀኝ እጅና ንግግር አብረው መያዛቸውም ጉዳቱ ከግራው የአንጎል ክፍል እንደሆነ ይናገራል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መጻፍ አለብኝ። አንገታቸውን በማዳመጫ አዳምጬ የጠበበ ደም ቅዳ የሚያሰማውን የሹክሹክታ ድምፅ ስላላገኘሁ፣ አስፒሪንና የግፊት መድኃኒት ሰጥቼ ላሰናብታቸው ነበር። ድምፁ አለመሰማቱ መጥበብ የለም ማለት እንዳልሆነ ለተማሪዎች ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ሰው ግን ሲደክም የሚያስተምረውን ይረሳል። የአንገት አልትራሳውንድ ሳይሠራ መሄድ የለባቸውም ብላ የተከራከረችኝ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ናት።

አልትራሳውንዱ በግራ በኩል፣ ዋናው የአንገት ደም ቅዳ፣ ማለትም ካሮቲድ፣ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ አንጎል ሌላው ወደ ፊት በሚሄድበት ቦታ፣ ወደ አንጎል በሚሄደው ቅርንጫፍ መነሻ ላይ የተጋገረ የስብ ክምችት አሳየ። ክምችቱ ቱቦውን 55 በመቶ ያህል አጥብቦታል። ዓይኔን የያዘው ግን የመጥበቡ መጠን ብቻ አልነበረም። ክምችቱ የተቀመጠው በአንድ ወገን፣ ከመገንጠያው ማዶ ባለው የውጭ ግድግዳ ላይ ነበር። ከመገንጠያው ወገን ያለው ግድግዳ፣ ደሙ መጥቶ የሚላተምበት፣ ንጹሕ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ አንገቱን ይዞ የሚወጣው ቀጥ ያለ ቱቦም እንዲሁ ንጹሕ ነው። በቀኝ በኩል ክምችት የሚባል ባይኖርም፣ በዚያው ተመሳሳይ የውጭ ግድግዳ ላይ ሽፋኑ ትንሽ ወፍሮ ታይቷል።

ልጃቸው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ምስሉን ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ተመለከተና እንዲህ አለ፦ «ዶክተር፣ እኛ ዘንድ ጎሚቶና ቲ፣ ቧንቧው የሚታጠፍበትና የሚገነጠልበት መጋጠሚያ፣ ቶሎ የሚበላው ውሃው ፊት ለፊት የሚመታው ላይ ነው። የአባባ ለምን በማይመታው በኩል ሆነ? ደግሞስ ደሙ አንድ ደም አይደል? ስቡ በሁሉም ቦታ እያለፈ ለምን እዚህች ጋ ብቻ ገባ?» አባትየው ከአልጋው ላይ ሆነው ለልጃቸው መለሱለት፦ «ቦይ አይተህ አታውቅም እንዴ? ደለል የሚወርድ ውሃው ሲተኛ ነው።»

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ የዚያ ቀን ክርክር ነው። አባትና ልጅ ሳያውቁት ሳይንሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የተከፈለባቸውን ሁለት ወገኖች ይዘው ነበር። ዶናልድ ፍራይ በ1968 በውሻ ደም ቅዳ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ፍሰቱ ግድግዳውን እጅግ ሲያፋትገው የውስጠኛው ሽፋን ሕዋሳት እንደሚጎዱ አሳየ፤ የበሽታው መነሻ ኃይለኛ ፍሰት ነው የሚለው ሐሳብም ከዚያ ጉልበት አገኘ። ያ የልጁ ቲ ነው። ኮሊን ካሮና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1969 የሰው ደም ቅዳዎችን መርምረው ተቃራኒውን ጻፉ፤ ክምችቱ የሚገኘው ፍትጊያው ዝቅተኛ ይሆናል ተብሎ በሚጠበቅበት ቦታ ነው አሉ። ይህ የአባትየው ቦይ ነው። በኋላ በካሮቲድ መገንጠያ ላይ የተደረጉ ልኬቶች ለካሮ ፈረዱ። ስለዚህ በቦታው ጉዳይ አባትየው ትክክል ናቸው፤ በምክንያቱ ግን አይደሉም፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ራሱ ኃይል ጥቂት ልበል፤ ሕክምና ላይ ያለን ሰዎች ሳንቀር የምንቀላቅለው ነገር ነውና። የደም ግፊት ግድግዳውን ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ነው። መሐንዲሶች ሺር ስትረስ የሚሉት፣ እኔ እዚህ የፍትጊያ ጫና የምለው ግን ደሙ ግድግዳውን እየታከከ ሲያልፍ በፍሰቱ አቅጣጫ የሚጎትትበት ኃይል ነው። ቀጥ ባለ ቱቦ ውስጥ መጠኑ ከደሙ ውፍረትና ከፍሰቱ ጋር አብሮ ይጨምራል፣ ቱቦው ሲሰፋ ግን በስፋቱ ኩብ ልክ ይቀንሳል (ስፋቱ እጥፍ ቢሆን ጫናው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል)። የታካሚው ዋና ካሮቲድ 6.4 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ፍሰቱን በደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር ብንወስድ፣ የፍትጊያ ጫናው በአማካይ 9 ዳይን (ዳይን እጅግ ትንሽ የኃይል መለኪያ ነው) በካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ይህ ከአማካይ የደም ግፊታቸው ከ15,000 ጊዜ በላይ ያነሰ ኃይል ነው። እንዲህ ያለ ኢምንት ጉተታ ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይፈረድበትም። የሚያደርገው ግን ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ውስጠኛው ሽፋን፣ ኢንዶቴሊየም የሚባለው፣ አንድ ሕዋስ ብቻ የሚወፍር ሕያው ንጣፍ ሲሆን ይህን ጉተታ የሚያነብባቸው የተለያዩ ስሜት ተቀባዮች አሉት። ፊቱን የሚያለብሰው የስኳርና የፕሮቲን ጸጉር፣ ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዙት ፕሮቲኖች፣ ሲጎተት የሚከፈተው ፒየዞ1 የተባለ በር ሁሉም ለዚሁ ሥራ ያገለግላሉ።

ወደ አንጎል የሚሄደው ቅርንጫፍ መነሻው ላይ ጎበጥ ብሎ ይሰፋል። ስፋቱ በአንድ አምስተኛ ቢጨምር እንኳ፣ በዚያው ፍሰት፣ የፍትጊያ ጫናው ከ40 በመቶ በላይ ይወርዳል። በእውነቱ ከዚህም የባሰ ነገር ይሆናል፦ ዋናው ፍሰት ወደ መገንጠያው ያጋድልና በውጭው ግድግዳ በኩል ደሙ ከግድግዳው ተላቅቆ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ የልብ ምት ወደፊት ሄዶ ወደኋላ ይመለሳል። ስለዚህ እዚያ ያሉት ሕዋሳት የሚሰማቸው ጉተታ አነስተኛ ብቻ አይደለም፣ አቅጣጫውም አይታወቅም። ቋሚ ጉተታ ያገኙ ሕዋሳት ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ተለጥጠው ይሰለፋሉ፣ ኬኤልኤፍ2 የተባለውን ተከላካይ ዘረመል ያበራሉ፣ የደም ሥሩን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጫሉ። ወዲያ ወዲህ የሚላቸው ሕዋሳት ግን ክብ እንደሆኑ፣ ሳይሰለፉ፣ ቶሎ ቶሎ እየተከፈሉና እየሞቱ ይቀራሉ።

አሁን የልጁ ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል፤ ስቡ ለምን እዚህች ጋ ገባ? የዚህ ጽሑፍ ክብደትም እዚህ ነው፤ መልሱ ቀጥተኛ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን አልጽፈውም ነበር።

ኢንዶቴሊያል ሕዋስ ከደም ውስጥ ነገር የሚቀስምባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። አንደኛው በጅምላ መጎንጨት ነው፦ ሕዋሱ ቆዳውን ወደ ውስጥ አጉድጉዶ ከአጠገቡ ያለውን ፈሳሽ በውስጡ ካለው ሁሉ ጋር በትንንሽ ከረጢት ይይዛል። ዴቪስ፣ ዲዊና ጊምብሮን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሙከራ ከጥጃ አኦርታ፣ ማለትም ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ የተወሰዱ ሕዋሳትን ከ1 እስከ 15 ዳይን በካሬ ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ቋሚ ፍትጊያ ሥር አድርገው የሚጎነጩትን ለኩ። መጎንጨቱ ፍሰቱ ሲጀምር ጨመረ፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ወደ ነበረበት ተመለሰ። ለ48 ሰዓት ፍሰት የለመዱ ሕዋሳት ፍሰቱ ሲቋረጥባቸውም እንዲሁ ለጊዜው መጎንጨታቸውን ጨመሩ። በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚዋዥቅ ፍሰት ለውጥ አላመጣም፤ በ3 እና በ13 ዳይን መካከል በየ15 ደቂቃው የሚመላለስ ፍሰት ግን መጎንጨቱን ከፍ አድርጎ አቆየው። እኔ ከዚህ የምረዳው ሕዋሱ የሚመልሰው ለኃይሉ መጠን ሳይሆን ለለውጡ መሆኑን ነው፤ የለመደውን ይተወዋል፣ ያልለመደው ሲመጣ ይነቃል። ስለ ታካሚዬ የቀን ውሎ፣ አንድ ትልም አርሶ ስለ መቆም፣ በሬ አሳርፎ እንደገና ስለ መነሣት ማሰቤ አልቀረም። ሆኖም በሳሕን ላይ ካለ የጥጃ ሕዋስ ተነሥቶ ስለ አንድ ገበሬ አንገት መናገር አይገባም፣ እኔም አልናገርም።

ሁለተኛው መንገድ በተቀባይ መያዝ ነው። ብራውንና ጎልድስታይን በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት የኤልዲኤል ተቀባይ፣ ስቡን የያዘውን ቅንጣት ከሕዋሱ ፊት ላይ ለይቶ ይይዝና ወደ ውስጥ አስገብቶ ያስፈጨዋል። ነገሩን የሚያወሳስበው የ1987ቱ የስፕራግና የባልደረቦቹ ውጤት ነው፤ ለ24 ሰዓት በ30 ዳይን ፍትጊያ ሥር የቆዩ ሕዋሳት ፍሰት ካላገኙት ይልቅ ብዙ ኤልዲኤል ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ከ1 ዳይን በታች የነበሩት ግን ይህን አላደረጉም። በሌላ አነጋገር፣ ከፍተኛ ፍትጊያ ስብ የመቅሰምን ሥራ ያበረታታል። በሽታው ግን የሚይዘው ዝቅተኛ ፍትጊያ ባለበት ነው! ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ አንዱ ስሕተት መሆን አለበት ብዬ ነበር።

ስሕተቱ ግን በእኔ ንባብ ውስጥ ነበር፤ ሕዋስ ለራሱ መቅሰሙንና ግድግዳው ማሳለፉን አንድ አድርጌ አይቼው ነበር። በተቀባዩ የተያዘው ኤልዲኤል በአብዛኛው ሕዋሱ ውስጥ ተፈጭቶ ያልቃል፤ ያ ምግብ ነው፣ ክምችት አይሆንም። ክምችት የሚሆነው ሕዋሱን ተሻግሮ ከጀርባው ያለው ጠባብ ክፍል የደረሰውና እዚያ ካሉት ፕሮቲኦግላይካን ከተባሉ ክሮች ጋር ተጣብቆ የቀረው ነው። ወደዚያ የሚወስዱት መንገዶች ሌሎች ናቸው። ኤስአር-ቢ1 እና ኤኤልኬ1 የተባሉት ተቀባዮች ቅንጣቱን ሳያስፈጩ በከረጢት ከፊት ወደ ጀርባ ያሻግራሉ። ከዚህ በተጨማሪ 22 ናኖ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የኤልዲኤል ቅንጣት በጤነኛ ሕዋሳት መገናኛ በኩል ማለፍ ባይችልም፣ አንድ ሕዋስ ሲከፈል ወይም ሲሞት በዙሪያው ያለው መገናኛ ለጊዜው ይላላል፤ በዚያ በኩል ያልፋል። ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉና የሚሞቱ ሕዋሳት ያሉት ደግሞ የት እንደሆነ ከላይ ተናግሬያለሁ።

ለአባትየው ደለልም እዚህ ቦታው ይገኛል። ኤልዲኤል እንደ ደለል በክብደቱ አይወርድም፤ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር በደም ውስጥ ተንሳፍፎ ይኖራል፣ ደሙ ቢቆምም አይዘቅጥም። ነገር ግን ከደሙ የሚወጣ ጥቂት ውሃ በግፊቱ ኃይል ሁልጊዜ በግድግዳው ውስጥ ይጣራል፣ ትልልቁ ቅንጣት ወንፊት ላይ እንደሚቀር ፊቱ ላይ ይቀራል። ፈጣን ፍሰት ባለበት የቀረውን እየጠረገ ይወስደዋል፤ ደሙ በሚዞርበት ኪስ ውስጥ ግን በግድግዳው ፊት ያለው መጠን ከፍ ይላል፣ ቅንጣቱም ከሕዋሱ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። የደም ግፊት ከፍ ሲል ይህን ማጣራት ያበረታዋል፤ የታካሚዬ የስድስት ዓመት ያልታከመ ግፊት በዚህም በኩል እጁ አለበት ብዬ አምናለሁ። «አባቴ፣ የእርስዎ ነገር ከቦይ ይልቅ ለጠላ ማጥለያ ይቀርባል» ብላቸው፣ «እንግዲያ አተላው ነው የጎዳኝ» ብለው ልጃቸውን አሳቁት።

ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች በቤተሰቡ በኩል ተነሥተዋል፣ አጭር መልስ ይበቃቸዋል። የመጀመሪያው፣ ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ ስለሚወፍር ይሆን ወይ የሚል ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ትገኛለች፣ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎችም በከፍታ ምክንያት ሄሞግሎቢናቸው በእርግጥ ይጨምራል። ነገር ግን ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደገኞች ሄሞግሎቢን በወንዶች በአማካይ 15.9፣ በሴቶች 15.0 ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህ በቆላ ከሚኖር ሰው የተለየ አይደለም። የታካሚው 16 ከዚሁ ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ የደም መወፈር እዚህ አልተገኘም። ሁለተኛው፣ ዓመቱን ግማሽ የሚጾም ሰው ስብ ከየት አመጣ የሚለው ነበር። ኤልዲኤል ከገበታ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ጉበት ራሱ ከሚሠራቸው ቅንጣቶች ይወጣል፣ 138 ደግሞ ለስድሳ ዓመት በግድግዳ አጠገብ ሲመላለስ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ሕክምናው ከዚህ በኋላ የተለመደውን መንገድ ይዟል። መጥበቡ ከ70 በመቶ በታች ስለሆነና ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ማድረጉ በእርሳቸው ሁኔታ ሊያስገኝ ከሚችለው ጥቅም አንጻር ስጋቱና ወጪው ስለከበደ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተመካክረን በመድኃኒት ማከምን መረጥን፦ አስፒሪን፣ ከስታቲን ወገን የሆነው አቶርቫስታቲን 40 ሚሊ ግራም፣ ለግፊቱም አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል። ስታቲን ኤልዲኤልን ከመቀነሱ ሌላ፣ በላቦራቶሪ በኢንዶቴሊያል ሕዋሳት ላይ ሲሞከር ያንኑ ኬኤልኤፍ2 ከፍ ማድረጉ ታይቷል፤ ጥሩ ፍሰት የሚሰጠውን ትእዛዝ በከፊል በኪኒን መስጠት እንደ ማለት ነው። ልጁ «ታዲያ ቱቦውን ማስተካከል አይቻልም?» ብሎ ጠየቀኝ። መገንጠያው የተፈጠረበት ቅርጽ ስለሆነ አይቻልም አልኩት። «ቲ ከሆነ ቲ ነው» አለ።

ግፊታቸው በሁለት ወር ውስጥ ወደ 134 በ82 ወረደ። መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ አቋርጠዋል፤ አንደኛው በሁዳዴ ጾም ኪኒን በባዶ ሆድ መዋጥ ስለከበዳቸው፣ ሁለተኛው ለዘር ገንዘብ ስላጠራቸው ነው። ለመጀመሪያው ኪኒኑን ማታ ከእራት ጋር እንዲወስዱ በማድረግ መላ አገኘን፣ ለሁለተኛው ልጁ ከከተማ ገዝቶ መላክ ጀመረ። ምልክቱ አልተመለሰም።

በዘጠነኛው ወር፣ አዝመራው ሊሰበሰብ ሲል፣ አልትራሳውንዱ ተደገመ። ኤልዲኤል 71 ሆኗል። በግራ ያለው ክምችት 55 በመቶ የነበረው አሁንም በልኬት ስሕተት ወሰን ውስጥ ያው ነው፣ ፊቱ ግን ከበፊቱ ለስላሳና ጥርት ያለ ይመስላል። በመጀመሪያው የምርመራ ወረቀት ላይ «ግራ ካሮቲድ» ብቻ ተብሎ ተጽፎ ስለነበር፣ በዚህኛው የትኛው ግድግዳ እንደሆነ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ባለሙያው ማሽኑን ወደ ቀኝ አንገት አዙሮ ጥቂት ቆየና መገንጠያው ማዶ ላይ ጣቱን አሳረፈ። 1.1 ሚሊ ሜትር የነበረው የሽፋኑ ውፍረት 1.2 ሆኗል፣ ያውም በውጭው ግድግዳ፣ ያውም ደሙ በሚተኛበት በዚያው ቦታ። ቀጣዩን ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ አድርገነዋል።